ዝናቡ የማይምራቸው ስህተቶች፦ የጅማ ሕንፃዎች፣ ቱቦዎችና ችግኞች

ጅማ ውስጥ አንድ የከተማ ሥራ በወጉ መሠራቱን ለማወቅ ሪፖርት ማገላበጥ አያስፈልግም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲለቀው ጃንጥላ ይዞ መውጣት ይበቃል። የትኛው መሥሪያ ቤት ኮሪደሩ ላይ ባልዲ ደረደረ? የትኛው ቱቦ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ገነፈለ? የአዌቱ ወንዝስ ምን ተሸክሞ ወረደ?

ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃውን ለአንድ ክፍል፣ ጽዳቱን ለሌላው፣ ችግኙን ለሦስተኛው ያከፋፍላል። ውሃው ግን ክፍፍሉን አያውቅም። ከጣሪያ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ አዌቱ፣ ከአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ሌላ ከተማም አሉ። እኛ ዘንድ ግን ቶሎ ይጋለጣሉ።

የጥገና በጀትን እስከ ሰኔ ማቆየት

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ወራት በዕቅድና በድልድል ያልፋሉ። ጨረታ ይወጣል፣ ይራዘማል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል። ግንቦት ላይ "ብሩ ሊመለስ ነው" የሚል ወሬ ሲነሳ ሁሉም መሯሯጥ ይጀምራል። ከዚያማ ሰኔ ላይ ግድግዳ ይቀባል፣ ጣሪያ ይከፈታል፣ ቱቦ ይቆፈራል። በጅማ ሰኔ!

እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ከቱቦው ተቆፍሮ ዳር የተከመረው አፈር በሁለት ዝናብ ተመልሶ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሪፖርቱ ተጽፏል፣ ሥራው ግን የለም።

መፍትሔው የጥገናውን ዓመት ከሰማዩ ጋር ማስማማት ነው። ሐምሌና ነሐሴ መጠገኛ አይሁኑ እንጂ ለመመርመር ከእነሱ የተሻለ ወር የለም። ዝናቡ እየወረደ ኮርኒስ ስር ገብቶ የሚያፈስበትን ቦታ በጠመኔ ማክበብ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት። መስከረም ላይ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ግምት። ጥቅምት ላይ ጨረታ። ሠራተኛው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ጣሪያ ላይ ይውጣ። ለቆርቆሮ፣ ለምስማር፣ ለቧንቧ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ጨረታ ከማውጣት የማዕቀፍ ስምምነት፣ ማለትም አንዴ ተጫርቶ በተወሰነ ዋጋ በየጊዜው የሚታዘዝበት ውል፣ መግባት ይሻላል። ለአንድ የተሰበረ ቧንቧ ሦስት ወር የጠበቀ ቢሮ አይተን እናውቃለን መቼም።

አሸንዳን መናቅ

ይህን ጉዳይ ትንሽ ልዘርዝረው፤ የብዙ ሕንፃ በሽታ የሚጀምረው እዚህ ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 400 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ በጅማ ዝናብ በዓመት 600,000 ሊትር ያህል ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በአንዲት ጠባብ አሸንዳና በሁለት ቱቦ እንዲወርድ ይጠበቃል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ግድግዳው ውስጥ ይገባል። አሸንዳው ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ እየተንጠባጠበ መሠረቱ ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል። ግድግዳው ታች አካባቢ አረንጓዴ ሻጋታ ካወጣ ቀለም ቀቢ አትጥሩ፤ መጀመሪያ መሰላል አምጡና ላይ ውጡ።

አዲሶቹ ሕንፃዎች ሌላ ጣጣ ይዘው መጥተዋል። ዘመናዊ ለመምሰል ጣሪያው ዙሪያውን በግንብ ይከለልና አሸንዳው ከውስጥ ይደበቃል። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ሲደፈን ግን የሚያይ የለም፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ኮርኒሱን ጥሶ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ማንም ዲዛይን የሚያጸድቅ ሰው "አሸንዳውን ማን፣ በምን ወጥቶ ያጸዳዋል?" ብሎ ይጠይቅ። መልስ ከሌለ ዲዛይኑ ይመለስ።

በነገራችን ላይ፣ 25 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ዝናብ ከዚያው ጣሪያ ላይ 10,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ቧንቧ ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ሽንት ቤቱን ማጠብ፣ በበጋ ችግኝ ማጠጣት ይቻላል። ብዙ ግቢ ውስጥ ግን ውሃው በነፃ ወደ መንገድ ይለቀቅና መንገዱ በብር ይጠገናል።

አሮጌውን ሕንፃ በቀለም መሸፈን

ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ሰፊ በረንዳ አለው፤ ጣሪያውም ከግድግዳው በደንብ ወጣ ያለ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለሙያዎች የጅማን ዝናብ ያውቁት ነበር። እንጨቱ ከውሃ ከራቀ ዕድሜ አለው። ውሃ ከነካውና አፈር ከተጠጋው ግን ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የእንጨት ቅርስ ጥበቃ ከቀለሙ በፊት በእንጨቱና በአፈሩ መካከል ባለው ቦታ ይጀምራል። እዚያ የተከመረ አፈር፣ የተደገፈ ማገዶ፣ ያደገ ሣር ሁሉ መነሳት አለበት።

በከተማው መሀል ጣልያን በቆየባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የተሠሩ ሕንፃዎችም አሉ። እነዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሌላ ነው። በኖራ የተለሰነ አሮጌ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበትና ላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባበት መተንፈሻ ያጣል። እርጥበቱ ውስጥ ይታሰርና ልስኑን ከነቀለሙ ይገፋዋል። በዓመቱ ያው ሰው ይጠራል፣ ያው ቀለም ይገዛል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ኖራ አሁንም ይገኛል፤ የጠፋው በኖራ የሚለስን ባለሙያ ነው። እሱን ማሠልጠን ለማዘጋጃ ቤቱ ከባድ ወጪ አይደለም።

ቆሻሻንና ቱቦን ለየብቻ ማየት

የገበያ ቀን ማታ መርካቶ አካባቢ ቱቦ ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ገረባ፣ የሙዝ ቅጠል፣ የአቮካዶ ልጣጭ፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ። ገረባውና ቅጠሉ ብቻቸውን ቢሆኑ ይበሰብሱ ነበር። ፌስታሉ ግን ያስራቸዋል፤ ጭቃ ይደርብባቸውና ቱቦው ድፍን ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ ጎረቤት ሱቅ ይገባል።

ጽዳቱ የአንዱ ክፍል ነው፣ ቱቦው የሌላው። ጽዳት ክፍሉ መንገዱን ጠርጎ ቱቦ አፍ ላይ ይከምራል። የመንገድ ክፍሉ ቱቦውን ጠርጎ ደለሉን መንገድ ዳር ይከምራል። ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ቆሻሻው ግን ከቦታው አልተነሳም። በዚህ ጉዳይ እኔ ያለኝ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ከቱቦ የወጣ ደለል በማግስቱ ካልተነሳ ቱቦው እንደተጠረገ አይቆጠር፣ ክፍያም አይፈጸም።

ሌላው ነገር የቆሻሻው ዓይነት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በጅማ ላይ የተሠራ ጥናት አንድ ነዋሪ በቀን በአማካይ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ቆሻሻ እንደሚያወጣ፣ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብ ትራፊ እንደሆነ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ቆሻሻ ክዳን በሌለው ገንዳ ውስጥ ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይሸታል። መኪናው በነዳጅ ተጉዞ የሚያጓጉዘው ትልቁ ነገር ውሃ ይሆናል። ገንዳው ክዳን ቢኖረው፣ የገበያው ቅጠላ ቅጠል ደግሞ እዚያው ተለይቶ ለኮምፖስት ቢሄድ የመኪናው ምልልስ ይቀንሳል። ሙሉ ከተማውን "ለዩ" ብሎ ከማወጅ ከገበያውና ከሆቴሎች መጀመር ይሻላል። ብዙ ቅጠል የሚወጣው ከእነሱ ነው፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው። ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ ከልክሎታል። ክልከላው ጉልት ድረስ እንዲደርስ ቅርጫትና ዘንቢል የሚሠሩ ሰዎችን ገበያው አጠገብ ቦታ መስጠት ከቅጣት በፊት ይቅደም።

የተተከለውን ብቻ መቁጠር

አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ይተከላል። ጅማ ሐምሌ ላይ ችግኝ መትከል እዳው ገብስ ነው፤ ዝናቡ ያጠጣዋል። ፈተናው ጥርና የካቲት ላይ ነው። ያኔ የሚያጠጣ ሰው ደመወዝ በየትኛው የበጀት መደብ ላይ ተይዟል? ብዙ ጊዜ በየትኛውም ላይ አይገኝም። ስለዚህ የነሐሴው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሚያዝያው ቆጠራም ለምክር ቤት ይቅረብ።

ዝርያውም ይታሰብበት። ዋንዛ የአገሩ ዛፍ ነው፤ በርጩማ ጠራቢዎቻችን ሳይቀሩ ይፈልጉታል። ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ ከቱቦ ጋር አይጎራበትም። ባሕር ዛፍን ረግረግ ዳር መትከል ደግሞ ውሃውን ማስመጠጥ ነው። አንዲት ጥቃቅን ነገር ልጨምር። በተከላ ዘመቻ ማግስት ችግኙ የፈላበት ጥቁር ላስቲክ ሜዳ ላይ ተበትኖ ይቀራል። በመጀመሪያው ጎርፍ ቱቦ ይገባል። ላስቲኩን ቆጥሮ የማይመልስ ቡድን ችግኝ አይውሰድ።

ቦዬን ባዶ መሬት ማድረግ

ረግረግ ካርታ ላይ ባዶ ይመስላል። ለዚያ ነው ሁሉም የሚመኘው፤ አንዱ ለሸክላ ጭቃ፣ ሌላው ለግጦሽ፣ ሌላው ለግንባታ። ቦዬ ግን ሥራ ላይ ነው። ከከተማው የወረደውን ውሃ ፍጥነቱን ቀንሶ ደለሉን ያስቀራል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይለቃል። ከታች ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ አለ። እኛ ጋ ያልቀረ ደለል ወደዚያው ነው የሚያመራው። አዋጅ 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ከሥራው በፊት ይደረግ ይላል። ተቋራጩ ከተመረጠ በኋላ የሚጻፍ ግምገማ ለፋይል ማሟያ ነው። የረግረጉን ወሰን በድንጋይ ችካል ለይቶ ማስቀመጥ ርካሹና አስቸኳዩ ሥራ ነው።

በደረቅ ወር መረከብ

ታኅሣሥ ላይ የሚያፈስ ጣሪያ አለ እንዴ? ሁሉም አያፈስም! ጊዜያዊ ርክክቡ በበጋ ከሆነ የውሃ ቦቴ ቀርቦ ጣሪያውና ቱቦው ላይ ይለቀቅ። በብዙ ውሎች እንደተለመደው 5 በመቶ ያህሉ ክፍያ ለአንድ ዓመት ይያዛል፤ የመጨረሻው ርክክብ ግን አንድ ሙሉ ክረምት ሳያልፍ እንዳይፈረም። ለርክክብ የሚሄደው ኮሚቴ ውስጥም የቢሮ ኃላፊ ብቻ አይግባ፤ ነገ ሕንፃውን የሚያጸዳውና የሚጠብቀው ሰው ይኑርበት። ዊልቸር የሚጠቀም ነዋሪም ቢጋበዝ መወጣጫው እውነተኛ መሆኑ ያኔ ይታወቃል። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያዛል። የእኛዎቹ መወጣጫዎች አንዳንዶቹ ግን ለመንሸራተቻ የተሠሩ ይመስላሉ።

የሕዝብ ሽንት ቤትም እዚሁ ይነሳ። ተሠርቶ፣ ተመርቆ፣ ተቆልፎ የሚቀረው ውሃ፣ መምጠጫ መኪና የሚገባበት መንገድና የሚያስተዳድረው ሰው አስቀድመው ስላልታሰቡ ነው። የሚያስተዳድረው የወጣቶች ማኅበር ግንባታው ሳይጀመር ይመረጥና ዲዛይኑን ይይ።

ያለውን ሳያውቁ አዲስ መጀመር

የከተማው ምክር ቤት ስንት ሕንፃ አለው? በአዋጅ 47/1967 የተወረሱት የቀበሌ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ አዳራሾች፣ የገበያ ሼዶች ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ መኖር አለባቸው። ጅማ በዓለም ባንክ በሚደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ 19 ከተሞች አንዷ ነበረች። በፕሮግራሙ ቀጣይ ምዕራፍ የንብረት አስተዳደር ዕቅድ የምዘናው አካል ሆኗል። ስለዚህ ነገሩ አዲስ አይደለም። የሚቸግረው ዕቅዱ በየዓመቱ ለምዘና ተብሎ ታድሶ፣ ጠጋኙ እጅ ሳይገባ ሼልፍ ላይ መቀመጡ ነው።

መዝገቡ ሶፍትዌር አይፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃዋል። የሕንፃው ስም፣ ቀበሌው፣ የጣሪያው ስፋት፣ የጣሪያው ዓይነት፣ ውሃው የሚወርድበት ቱቦ፣ መጨረሻ የተጠገነበት ወር፣ ቁልፉን የያዘው ሰው። መስከረም ላይ ለምክር ቤት ይቅረብ። መጨረሻ የተጠገነበት ወር ባዶ የሆነባቸው ሕንፃዎች በቀይ ይቀለሙ፤ አዲስ ግንባታ እንዲጸድቅለት የሚጠይቅ ክፍልም መጀመሪያ በእነዚያ ቀዮች ላይ ያስረዳ።