የጀልባችሁ ፓምፕ በራሱ አልነሳ ሲል

ባለሸራ ጀልባ ያላችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ። ከወለሉ ስር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው አውቶማቲክ ፓምፕ ዝም ካለ፣ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማብሪያውን በእጅ ወደሚሠራበት አዙሩት። ሞተሩ ከተነሳ ፓምፑ ደህና ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ፍሎት ስዊቹ ጋ ነው፤ ማለትም ውሃው ከፍ ሲል አብሮ እየተንሳፈፈ ሞተሩን የሚያስነሳው ክፍል። ኃይሉን አጥፉና ከፍ ዝቅ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ፀጉር፣ የገመድ ብጣሽ ወይም ዘይት የነካው ጭቃ ሰቅዞ ይይዘዋል። ያኔ ማጽዳት ብቻ ይበቃል።

ንጹህ ሆኖም ካልሠራ ሽቦውን እዩ። አውቶማቲኩ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከባትሪው የሚመጣ የራሱ መስመርና ፊውዝ አለው፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እዛ ታች ሁሌም እርጥብ ስለሆነ መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለው መዳብ ቶሎ አረንጓዴ ይሆናል። እሱን ቆርጦ እንደገና መግጠምና ውሃ በማያስገባ መሸፈኛ ማሸግ ነው።

ሞተሩ እየዞረ ውሃ ካልወጣስ? ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ቱቦው ውስጥ አየር ታምቋል፣ ወይም ሽቦዎቹ ተገላብጠው ተገጥመው ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው።

ስትጨርሱ እባካችሁ አንድ ሁለት ባልዲ ውሃ አፍስሱበት። በራሱ ሲነሳም ሲጠፋም በዓይናችሁ ሳታዩ ጀልባውን ትታችሁ አትሂዱ።