የልጄ የጆሮ ሕመም እንዴት ቀረ

ከዴንቨር በፍራንክፈርት አድርገን አዲስ አበባ ስንሄድ፣ የ6 ዓመቷ ልጄ ፍራንክፈርት ልናርፍ ስንል «ጆሮዬን!» ብላ በጩኸት አቀለጠችው። ማስቲካ የሰጠኋት ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ነበር። ለካ ረፍዷል! አውሮፕላን መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው፤ ጆሮም የሚደፈነው ያኔ ነው። የተደፈነ ጆሮ የሚከፈተው ስንውጥ ነው፤ የተኛ ልጅ ደግሞ ምራቁን ብዙም አይውጥም።

ቦሌ ስናርፍ ምንም አላላት። ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የካቢኑ የአየር ግፊት ከውጪው ብዙ አይለይም። ፍራንክፈርት ግን ዝቅ ያለ ነው።

በመልሱ «መውረድ ጀምረናል» ሲባል ቀሰቀስኳት። ተነጫነጨች። ዳቦ ቆሎ አንድ በአንድ እያቀበልኩ፣ በመሃል ውሃ በስትሮ። ለሕፃኑ ልጄ ደግሞ ጡጦውን። ጸጥ! የተረፈውን ዳቦ ቆሎ እኔው ጨረስኩት።