ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) የመጣውን የመራጭ ቅጽ ሳታነቡ አትሙሉ

ትናንትም እዚህ ብሪታንያ ያለ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ደውሎ «የመኖሪያ ወረቀቴን አግኝቻለሁ፤ አሁን መምረጥ እችላለሁ አይደል?» አለኝ። ለስንት ሰው እንደመለስኩት ስለማላውቅ እዚህ ልጻፈውና ይብቃኝ።

አትችሉም። በብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ እንዲሁም በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) አገሮች ዜጎች ናቸው። ኬንያዊ ጎረቤታችሁ መርጦ ቢመጣ አገሩ ኮመንዌልዝ ውስጥ ስላለች ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ኢንዴፊኒት (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ይኑራችሁ፣ ሃያ ዓመት ታክስ ክፈሉ፣ ሲቲዘንሺፕ (የብሪታንያ ዜግነት) ሳትወስዱ አይሆንም። ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ለካውንስልና ለዚያው አካባቢ ፓርላማ ትመርጣላችሁ፤ ለዌስትሚኒስተር (ለለንደኑ የብሪታንያ ፓርላማ) ግን እናንተም አትችሉም።

እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አብሮኝ የሚኖር ልጅ «መራጭ ሆነህ ተመዝገብ፣ ክሬዲት ስኮርህ ከፍ ይላል» አለኝ። ክሬዲት ስኮር አበዳሪዎች ምን ያህል እንደሚያምኑህ የሚያሳይ ነጥብ ነው፤ አበዳሪዎች አድራሻን ከመራጮች መዝገብ ስለሚያመሳክሩ ነገሩ ውሸት አይደለም። በኮንትራት ስልክ ለመውሰድ ሁለቴ ተከልክዬ ስለነበር ኦንላይን ገባሁ፤ ዜግነት የሚለው ጋ «ብሪቲሽ» ብዬ አለፍኩ። የመራጭ ካርድ በስሜ መጣ። ድምፅ አልሰጠሁም፤ ግን ከዓመታት በኋላ ለሲቲዘንሺፕ ላመለክት ስል ጠበቃዋ «ተመዝግበህ ታውቃለህ?» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። ለምዝገባ የሐሰት መረጃ መስጠት እስከ 6 ወር እስራት ወይም ያልተገደበ የገንዘብ ቅጣት የሚያመጣ ወንጀል ነው፤ ሆም ኦፊስ (ዜግነት የሚሰጠው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ደግሞ የአመልካቹን ጠባይ ይመረምራል። ስሜን ለማሰረዝና ማረጋገጫ ደብዳቤ ለማግኘት ስደውል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፉኝ ከረሙ። ማመልከቻዬ አሥር ወር ዘገየ። ሁለት ደቂቃ ቆም ብዬ ባነብ ኖሮ አንዱም አይደርስብኝም ነበር።

ክሬዲቱ ካስቸገራችሁ ነጥቡን ለሚሰጡት ክሬዲት ኤጀንሲዎች የመምረጥ መብት እንደሌላችሁ ጻፉና የአድራሻ ማስረጃ ላኩ፤ ፋይላችሁ ላይ ማስታወሻ ያሰፍራሉ። ካውንስሉ መልሱ ብሎ የላከውን ቅጽ ግን አትጣሉት፤ ዝም ማለትም ያስቀጣል። እውነተኛ ዜግነታችሁን ሞልታችሁ መልሱ።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማን መረጠው?» ለምትሉኝም፦ ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። አገሩ 650 የምርጫ ወረዳ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ኤምፒ (የፓርላማ አባል) ይልካል፤ ብዙ ወንበር የያዘው ፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጆንሰን፣ ትረስና ሱናክ ያለ ጠቅላላ ምርጫ የተፈራረቁት ለዚህ ነው። በ2024 ሌበር ፓርቲ ከድምፁ ሲሶውን ያህል አግኝቶ ከ400 በላይ ወንበር ወሰደ። ለእኔ ይህ ፍትሐዊ አይደለም።

ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስትከራከሩ የምትረሱት የወረዳችሁን ኤምፒ ነው። ባትመርጡትም ተወካያችሁ ነው። የቤተሰብ ማመልከቻችሁ ሆም ኦፊስ ውስጥ ከቆየ ስማችሁን፣ አድራሻችሁን ከነፖስት ኮዱና የማመልከቻ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ለቢሮው ላኩ፤ እሱ ሲጠይቅ መልስ ይመጣል። የጓደኛችሁ ወረዳ ኤምፒ ግን አያስተናግዳችሁም።

ሲቲዘንሺፕ ወስዳችሁ በምርጫ ቀን ቤት የምትቀመጡት ደግሞ ታሳዝኑኛላችሁ። ምዝገባው ምርጫው 12 የሥራ ቀን ሲቀረው ይዘጋል። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያዙ፤ የመራጭ ካርዱ ብቻውን አያስመርጥም።