የኦፕሬቲንግ ሲስተም ከባድ ችግር ሲገጥማችሁ እንዴት ሪፖርት ታደርጋላችሁ?

ደሴ ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በ2017 ጥር ላይ ከሐይቅ አንድ መምህር ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። የሴሚስተሩ ውጤት በሙሉ ፍላሽ ላይ ነበር፤ የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ ግን ዜሮ ኪሎባይት። «አብሽሩ መምህር፣ እናወጣዋለን» አልኳቸው። አልወጣም። ሮስተሩን ከፈተና ወረቀት እንደገና ለቀሙት።

እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን «ፎርማት አድርገው» ይባላል። ፎርማት ግን ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መምህር ያንኑ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን አትንኩት። በስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ቃሉን ሳትተረጉሙ፣ ሳታሳጥሩ እንዳለ ያዙት።

ቀጥሎ ዕቃውን አጣሩ። ገበያ ላይ 64 ጊጋባይት ተጽፎበት ውስጡ የዚያን ሩብ የማይዝ ፍላሽ ሞልቷል፤ የተበላሸ ራምም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሚሞሪ) ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ያለውን ዋና ሶፍትዌር ያስወቅሳል። እኔ ፍላሹን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ ራሙን ፈተሽኩ፣ ከዚያ በሌሎች ሁለት ላፕቶፖች ላይ ሞከርኩት። አንድ ዓይነት አፕዴት የወሰዱት ሁሉም አጠፉ።

መጀመሪያ ለሲስተሙ ሠሪዎች የላክሁት ሪፖርት «ኮምፒውተሩ ፋይል ያጠፋል» የሚል ነበር። መረጃ አይበቃም ተብሎ ተዘጋ፤ ልክ ነበሩ። ሁለተኛው እንዲህ ነበር፦

«1. ፍላሽ ሰካሁ። 2. ፋይሉን ከፍላሹ ከፈትኩ። 3. ክዳኑን ዘግቼ 10 ደቂቃ ቆየሁ። 4. ክዳኑን ከፍቼ አንድ ቁጥር ቀየርኩና ሴቭ አልኩ። የጠበቅሁት፦ አዲሱ ቁጥር እንዲቀመጥ። የሆነው፦ ሴቭ ሆኗል አለ፣ ፋይሉ ግን 0 ኪሎባይት ሆነ። ከ10 ሙከራ በ7ቱ።»

እንግሊዝኛው እንዲህ አጭር ከሆነ ማንም ይጽፈዋል። ከሥሩ የላፕቶፑን ሞዴልና የሲስተሙን ሙሉ ሥሪት ጨምሩ። «አዲሱ ዊንዶውስ» ማለት ምንም አይነግራቸውም፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭናችሁ ዊንቨር (winver) ብላችሁ ብትጽፉ ቁጥሩ ይወጣል።

እዚህ ላይ እኛን ብቻ የሚያጠምድ ነገር አለ፤ ሰዓት። መምህሩ «ጥር 19 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ» አሉኝ፣ እኔም 3፡00 ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱን የያዘው መሐንዲስ በላክሁለት መዝገብ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሆነውን ከነሰዓቱ በሚጽፍበት ፋይል ውስጥ 3 ሰዓት ላይ ሲፈልግ ምንም አጣ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ሰዓት ነው፤ መዝገቡ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ 6 ሰዓት ይላል። ቀኑንም ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 ብላችሁ ጻፉ። በዚህ ብቻ አራት ቀን አቃጥያለሁ።

ክብደቱንም አትደብቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦክቶበር ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ሥሪት 1809 ለቆ በቀናት ውስጥ ማቆም ግድ ሆነበት፤ የአንዳንድ ሰዎችን ዶክመንት ያጠፋ ነበር። ቀድመው ፊድባክ ሀብ በሚባለው የዊንዶውስ ቅሬታ መቀበያ ላይ የጻፉ ሞካሪዎች ነበሩ፣ ግን የደገፋቸው ሰው ጥቂት ስለነበር ከሌላው ቅሬታ ሥር ተቀበሩ። ከዚያ ወዲያ የችግሩ ክብደት የሚሞላበት ቦታ ተጨመረ። ፊድባክ ሀብ የሚከፈተው በዊንዶውስ ቁልፍና በኤፍ ነው። «ፋይል ይጠፋል» የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ይግባ፤ ያንኑ የጻፈ ሰው ካለም አዲስ ከመክፈት የእሱን ደግፉ።

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ስትነኩ የዴቨሎፐር ምርጫ ይከፈታል፤ ከዚያ ባግ ሪፖርት ውሰድ የሚል አለ። የሚወጣው ፋይል ግን የግል መረጃ ይይዛል። የኮምፒውተር ሚሞሪ ደምፕም (ሲስተሙ ሲወድቅ የሚቀመጥ የሚሞሪው ቅጂ) እንደዚሁ ነው፤ የተማሪ ስምና ይለፍ ቃል ሊኖርበት ስለሚችል ሁሉም በሚያየው ቦታ አትለጥፉት። ችግሩ ራሱ ሌላ ሰው ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ቀዳዳ ከሆነማ በአደባባይ አትናገሩት፤ ማይክሮሶፍትም ጎግልም የጸጥታ ጉዳይ ለብቻው የሚቀበሉበት መንገድ አላቸው።

ከላካችሁ በኋላ የሪፖርቱን ቁጥር ያዙ፣ ኢሜይላችሁን ተከታተሉ። እኔን በዘጠነኛው ቀን ክዳኑን ሳልዘጋ ከሜኑ ስሊፕ ብዬ እንድሞክር ጠየቁኝ፤ በማግስቱ መለስኩ። ማስተካከያው ሲመጣ ያንኑ አራት እርምጃ 10 ጊዜ ደግሜ ውጤቱን ጻፍኩላቸው፣ ከዚያ ወደ ሐይቅ ደወልኩ።