ለኮሌጅ ብለው የእግር ኳስ ክለብ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ ግንቦት ላይ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሜዳዎች፣ ደረታቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈላቸው ታዳጊዎች ለክለብ ሙከራ ይሰለፋሉ። ወላጆች ከአጥሩ ውጪ ቆመው ይጠብቃሉ። በማግስቱ ኢሜይል ይደርሳል፦ ልጅዎ ተመርጧል፣ ቦታው እንዳያመልጥዎ በሁለት ቀን ውስጥ ቀብድ ይክፈሉ። ይህ ጽሑፍ ያ ኢሜይል ከመድረሱ በፊት ቢነበብ ይመረጣል፤ ከደረሰ በኋላ ረጋ ብሎ የሚያስብ ወላጅ እምብዛም አላየሁም።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ታዳጊ በእግር ኳስ ኮሌጅ የሚገባው ብዙዎቻችን እንደምንገምተው በትምህርት ቤቱ ቡድን በኩል አይደለም። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች አብዛኛውን ምልመላ የሚያካሂዱት በክለቦች ሊግና ውድድር ላይ ነው። ስለዚህ የክለብ ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ክለብ ልጅን ኮሌጅ አያስገባም፤ ቢበዛ መልማይ እንዲያየው ያደርጋል። ቀጥሎ ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሊጉን ስም እንደ ዋስትና መቁጠር

ለወንዶች ኤምኤልኤስ ኔክስትና ኢሲኤንኤል፣ ለሴቶች ኢሲኤንኤልና ገርልስ አካዳሚ የኮሌጅ አሰልጣኞች በብዛት የሚመላለሱባቸው ሊጎች ናቸው። ይህ እውነት ነው። ችግሩ ወላጁ የሊጉን ስም ሲሰማ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ መተዉ ነው።

አንድ ክለብ በአንድ የዕድሜ ክልል ሦስትና አራት ቡድን ሊኖረው ይችላል። ዋናው ቡድን በኢሲኤንኤል፣ ሁለተኛው በኢሲኤንኤል ሪጅናል ሊግ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአካባቢ ሊግ ይጫወታል። ማልያው አንድ ነው፤ አርማው አንድ ነው፤ ክፍያውም ብዙ ላይራራቅ ይችላል። በክለቡ ድረ ገጽ ላይ ከነዩኒቨርሲቲያቸው አርማ ተደርድረው የሚታዩት ልጆች ግን በአመዛኙ ከዋናው ቡድን የወጡ ናቸው። «ልጄ የኢሲኤንኤል ክለብ ውስጥ ነው» የሚል አባት የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሆነ ሲጠየቅ «ያው አይደል እንዴ?» ይላል። ያው አይደለም። ሁለተኛ ቡድን ውስጥ መሆን ነውር የለበትም፤ ለአንደኛው እየከፈሉ እንደሆነ እያሰቡ ለሁለተኛው መክፈል ግን ኪሳራ ነው።

ሊጎቹ ራሳቸውም ዘላለማዊ አይደሉም። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2007 ያቋቋመው ዴቨሎፕመንት አካዳሚ ለአሥራ ሦስት ዓመት በወንዶች በኩል የመጨረሻው ከፍታ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሮ፣ በ2020 ኮሮና ሁሉን ባቆመበት ሰሞን ተዘጋ። ኤምኤልኤስ ኔክስትና ገርልስ አካዳሚ የተፈጠሩት ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ዛሬ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅዎ የሚመርጡት ስም፣ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። በእኔ አስተያየት ከስሙ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉትን ቡድኖች የሚያሠለጥነው ማን ነው፣ እዚያ ክለብ ስንት ዓመት ቆየ፣ የኮሌጅ አሰልጣኞች ስልክ ሲደውልላቸው ያነሡለታል ወይ የሚለው ነው።

ለተቀያሪ ወንበር መክፈል

የኮሌጅ አሰልጣኝ ያላየውን ልጅ አይመለምልም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ አይታይም። ሾውኬዝ የሚባሉትን የምልመላ ውድድሮች ሄዶ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አሥራ ምናምን ሜዳ በአንድ ጊዜ ይጫወታል። የዩኒቨርሲቲያቸውን ስም ያተሙ ጃኬቶች የለበሱ ሰዎች ታጣፊ ወንበር በትከሻቸው አንጠልጥለው ከሜዳ ሜዳ ይዞራሉ። በእጃቸው የተጫዋቾች ዝርዝር አለ፤ አስቀድመው ምልክት ያደረጉባቸውን የማልያ ቁጥሮች ይፈልጋሉ። ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ወንበራቸውን አጥፈው ወደሚቀጥለው ሜዳ ያልፋሉ። ልጅዎ የገባችው በሁለተኛው አጋማሽ መጨረሻ ከሆነ፣ አሰልጣኙ በዚያ ሰዓት ሌላ ሜዳ ላይ ነው። እርስዎ ግን የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም ከፍለዋል።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቡድኑ ስንት ተጫዋች ይይዛል? በልጄ ቦታ ስንት ተጫዋች አለ? ልጁ ግብ ጠባቂ ከሆነ ጥያቄው እጥፍ ይከብዳል፤ ሁለት ግብ ጠባቂ ባለበት ቡድን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግማሽ ጨዋታ ነው።

ይህን ስል ልጁ ሁልጊዜ አንደኛ ወደሚሆንበት ደካማ ቡድን ይሂድ ማለቴ አይደለም። ልምምድ ላይ ከእሱ የሚሻሉ ሁለት ሦስት ልጆች ያስፈልጉታል። ነገር ግን በአንድ እርከን ዝቅ ያለ ሊግ ውስጥ ሙሉ ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ጥሩ የቪዲዮ ቅንጭብ ይኖረዋል፤ በትልቁ ሊግ ተቀያሪ የሆነው ግን የሚያሳየው ማልያውን ነው።

ሙሉ ስኮላርሺፕ እንደሚገኝ አድርጎ ማስላት

«አሁን የምናወጣው ኋላ በስኮላርሺፕ ይመለሳል» የሚለው ስሌት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለብዙ ዓመታት በኤንሲኤኤ (የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ማኅበር) ከፍተኛ እርከን፣ በዲቪዥን አንድ፣ የሚጫወት የወንዶች ቡድን ለመላው ተጫዋቾቹ መስጠት የሚፈቀድለት 9.9 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ የሴቶቹ 14። ይህ ከሃያ አምስት በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች ይቆራረጣል፤ ለብዙዎቹ የሚደርሳቸው ሩብ ወይም ሲሶ ነበር፤ ምንም የማይደርሳቸውም ነበሩ። በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት፣ ስምምነቱን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሥቶ በምትኩ የቡድኑ አባላት ቁጥር በ28 ተወስኗል። ጣሪያው ተነሣ ማለት ግን በጀት ተመደበ ማለት አይደለም። ቀድሞ ሠላሳና ከዚያ በላይ ተጫዋች ይይዙ በነበሩ ቡድኖች ደግሞ ቦታው ጠቧል።

ሌላው ስህተት «ሦስተኛ» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ዲቪዥን ሦስትን መናቅ ነው። እዚያ ለስፖርት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም፤ እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችም ዲቪዥን አንድ ሆነው ሳለ አይሰጡም። ነገር ግን ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ በእግር ኳስ የሚወዳደረው በዲቪዥን ሦስት ነው፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም፣ ኤምአይቲም እንዲሁ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርተው የሚሰጡት ድጋፍ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤት ዲቪዥን አንድ ከሚሰጠው የስኮላርሺፕ ቁራጭ ሊበልጥ ይችላል። የክለብ፣ የጉዞና የሆቴል ወጪ በዓመት 6,000 ዶላር ቢደርስ በስድስት ዓመት 36,000 ዶላር ነው። ልጁ ጨዋታውን ስለሚወደው ከከፈሉ ተገቢ ወጪ ነው፤ ትርፍ ይመለስልኛል ብለው ከሆነ ግን ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥ ይሻላል።

የወንድና የሴት ልጅን መንገድ አንድ አድርጎ ማየት

በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ስፖርት እኩል ዕድል እንዲሰጡ ያስገድዳል። በዚህም የተነሣ ዲቪዥን አንድ ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉ የሴቶች እግር ኳስ ቡድኖች አሉ፤ የወንዶቹ ከ200 ጥቂት ቢበልጡ ነው። በወንዶቹ በኩል ደግሞ ብዙ አሰልጣኞች ከአውሮፓና ከሌላም ዓለም የበሰሉ ተጫዋቾችን ያስመጣሉ፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በዝውውር የሚመጡትም አሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ወንድ ልጅ የሚፎካከረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሃያ አንድ ዓመት ጎልማሳ ጋር ነው። ለወንድ ልጅ ቤተሰቡ ዲቪዥን ሁለትን፣ ሦስትን፣ ኤንኤአይኤን (ትናንሽ ኮሌጆች የሚወዳደሩበትን ሌላ ማኅበር) እና የሁለት ዓመት ኮሌጆችን ከመጀመሪያው ዝርዝሩ ውስጥ ቢያስገባ ብልህነት ነው።

ለሴቶች ልጆች ወላጆች የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ የናኦሚ ግርማ ታሪክ በየቡና ቤቱ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሳን ሆዜ ተወልዳ፣ አባቷ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጋር ባቋቋመው ማለዳ በተባለው የማኅበረሰቡ ቡድን ኳስ ጀመረች። ከስታንፎርድ ጋር በ2019 የኤንሲኤኤ ዋንጫ አነሣች፤ በ2022 በአሜሪካ ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆና ተመረጠች፤ በ2025 መጀመሪያ ቼልሲ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት። ከዚህ ታሪክ ወላጅ ሊወስድ የሚገባው፣ በስድስትና በሰባት ዓመት ዕድሜ ውድ ክለብ አለመግባት በር እንደማይዘጋ ነው። ልጄም ሚሊዮን ታወጣለች ብሎ መነሣት ግን ሌላ ነገር ነው።

የካምፕ ግብዣን ምልመላ ነው ብሎ ማመን

ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከዩኒቨርሲቲዎች ኢሜይል መድረስ ይጀምራል፦ «ችሎታህን አይተናል፣ በካምፓችን ብትገኝ ደስ ይለናል»። ቤቱ በደስታ ይናጋል። ብዙ ጊዜ ይህ ለመቶዎች የተላከ ማስታወቂያ ነው፤ ካምፑም በክፍያ ነው። የኤንሲኤኤ ደንብ የዲቪዥን አንድ አሰልጣኝ ልጁ አሥረኛ ክፍልን እስኪጨርስና ጁን 15 እስኪደርስ ድረስ የምልመላ መልእክት እንዳይጽፍለት ይከለክላል፤ የካምፕ ማስታወቂያ ግን አይከለከልም። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት ከዲቪዥን አንድ የሚመጣ ግብዣ በአብዛኛው የሚፈልገው ከፋይ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አጨዋወቱ ዝርዝር ነገር ጠቅሶ የጻፈ አሰልጣኝ ካለ፣ ያኔ ካምፑ ዋጋ አለው።

ልጁ ግን ከዚያ ቀን በፊት ለአሰልጣኞች መጻፍ ይችላል፤ መልስ ባያገኝም ይነበባል። መጻፍ ያለበት ራሱ ነው። ርእሱ ላይ የሚመረቅበት ዓመት፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ ክለቡና የማልያ ቁጥሩ፤ ውስጡ ደግሞ በሚቀጥለው ውድድር የሚጫወትበት ሜዳ ቁጥርና ሰዓት፣ አጭር ቪዲዮ፣ የትምህርት ውጤቱ። ከዚህ ያለፈ ቅኔ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ። በእኛ አስተዳደግ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለቱ፣ ዓይኑን መስበሩ ጨዋነት ነው። የኮሌጅ አሰልጣኝ ግን ይህንኑ ፍላጎት እንደማጣት ይተረጉመዋል፤ ወላጅ ስለ ልጁ ሲናገር ደግሞ «ይህ ልጅ ለራሱ መቆም አይችልም» ይላል። ክለብ ሲጎበኙ ጥያቄውን ልጅዎ ይጠይቅ፤ እርስዎ ያዳምጡ። አሰልጣኙ ለልጁ እንዴት እንደሚመልስ ማየት ራሱ ስለ ክለቡ ብዙ ይናገራል።

ውጤትን ለኋላ ማቆየት

ለዲቪዥን አንድ ብቁ ለመሆን በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በእነዚያ ከ4.0 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ከ16ቱ አሥሩ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። 2.3 ዝቅተኛው እንጂ የሚበቃው አይደለም፤ ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ እጅግ የላቀ ይጠብቃሉ። በሳምንት አራት ቀን አንድ ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት ልምምድ የሚበላው የጥናትን ሰዓት ነው። ሃያ ደቂቃ ላይ ያለ ደህና ክለብ ካለ እሱን እመርጣለሁ።

በየዓመቱ ክለብ መቀያየርና የትምህርት ቤቱን ቡድን መርሳት

በየሰኔው ክለብ የሚቀይር ልጅ ስሙን ጠርቶ የሚመሰክርለት አሰልጣኝ አይኖረውም። የኮሌጅ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚደውለው ለክለቡ አሰልጣኝ ነው። በሌላ በኩል ከ2026-27 ውድድር ዓመት ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ የታዳጊ ማኅበራት የዕድሜ መቁጠሪያውን ከጃንዋሪ 1 ወደ ኦገስት 1 ስለሚያዛውሩ ብዙ ቡድኖች ይበተናሉ፣ እንደገናም ይዋቀራሉ። ከኦገስት እስከ ዲሴምበር የተወለደ ልጅ ካለዎት የትኛው ቡድን እንደሚደርሰው አሁኑኑ ይጠይቁ።

በኤምኤልኤስ ኔክስት ከፍተኛ እርከን የሚጫወት ልጅ በአብዛኛው ለትምህርት ቤቱ እንዲጫወት አይፈቀድለትም፤ ኢሲኤንኤል ይፈቅዳል። የሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወቅት በልግ (ፎል)፣ የቨርጂኒያ ደግሞ ፀደይ (ስፕሪንግ) ነው። ከጓደኞቹ ጋር በትምህርት ቤት ማልያ መጫወት ለልጁ ትልቅ ነገር ከሆነ፣ ይህ ከመፈረም በፊት በቤት ውስጥ መነጋገሪያ ይሁን።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም፣ ድጋፍ ለመጠየቅም ማፈር

የክለብ ውል የሙሉ ዓመት ዕዳ ነው። ልጁ ቢጎዳ ወይም በኅዳር ቢያቆም ቀሪው ክፍያ ይሰረዛል ወይ? ማልያና ትጥቅ፣ የውድድር መመዝገቢያ፣ የአሰልጣኞች ጉዞ በክፍያው ውስጥ አሉ ወይስ ለብቻ? ብዙ ውድድሮች ቡድኑ አዘጋጁ በመረጣቸው ሆቴሎች ብቻ እንዲያርፍ ያስገድዳሉ፤ ዘመድ ቤት አድራለሁ ማለት ላይቻል ይችላል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ይሰጥዎት።

ብዙ ክለቦች የክፍያ ድጋፍ አላቸው፤ ብዙዎቹ የኤምኤልኤስ (የአሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል ሊግ) ቡድኖች አካዳሚዎች ደግሞ ጨርሶ አያስከፍሉም። ቅጹ የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ውስን ስለሆነ ቀድሞ ያመለከተ ይቀድማል። ወገኖቻችን ግን «ልጄን ዝቅ አድርገው ያዩብኛል» ብለው ዝም ይላሉ፤ ወይም ቀብዱን ከከፈሉ በኋላ፣ በጀቱ ሲያልቅ፣ ነሐሴ ላይ ይጠይቃሉ። መጠየቂያው ጊዜ ልጁ ገና ሙከራ ላይ እያለ ነው፤ ለአሰልጣኙ ሳይሆን ለክለቡ ጽሕፈት ቤት፣ በጽሑፍ።