ናሽቪል፦ ዩኒቨርሲቲ ልታዩ ስትሄዱ ጆሯችሁንም ይዛችሁ ሂዱ

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ትራምፔት ትነፋለች። ኢንጂነሪንግ መማር ነው የምትፈልገው፤ ትራምፔቴንም አልተውም ትላለች። ባለፈው ኦክቶበር ባለቤቴ፣ እኔ፣ እሷ፣ የ9 ዓመቱ ወንድሟና ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ሆነን አትላንታ አጠገብ ካለችው ክላርክስተን ተነስተን ናሽቪል፣ ቴነሲ ሄድን። ሐሙስ ሄደን ቅዳሜ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ዕድር ላይም ቤተክርስቲያን በር ላይም ያገኘኝ ወላጅ ሁሉ "እንዴት አደረጋችሁት?" ስለሚለኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

በመንገዱ ልጀምር። ከአትላንታ ናሽቪል 250 ማይል ያህል ነው፤ ወደ አራት ሰዓት ይነዳል። ቻተኑጋን አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስልካችሁ ራሱ ይቀይራል፤ የመኪናችሁን ሰዓት ግን አትመኑት። ስትሄዱ ያተረፋችኋትን ሰዓት ስትመለሱ ትከፍሏታላችሁ፤ በማግስቱ ሥራ ያለው ሰው ይህን ያስብበት። ሞንቲግል የሚባል ተራራም አለ። ቁልቁለቱ ከባድ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ ሳይመሽ እለፉት። እናቴ ዓባይ በረሃን የምንወርድ መስሏት እስክንጨርስ ድረስ ስታማትብ ነበር።

ጉብኝቱን ቀደም ብላችሁ በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ተመዝገቡ። ክፍያ የለውም። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገለጻ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ከምናምን በእግር መዞር ነው። ጫማችሁ የሚመች ይሁን። ሁለት ሙሉ ጉብኝት በአንድ ቀን አትደርቡ። እኛ ሐሙስ ጠዋት ቫንደርቢልትን አይተን ከሰዓት በኋላ ሌላ ጨመርን። ከሁለተኛው ግቢ ዛሬ ትዝ የሚለኝ የራሴ የእግር ሕመም ብቻ ነው። ልጄም መጠየቅ አቁማ ነበር።

ቫንደርቢልት ዛፉ ራሱ ደስ ይላል። ግቢው በሙሉ እንደ ዕፅዋት ማዕከል የተመዘገበ ነው። መንገዱን ተሻግራችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ሴንቴኒያል ፓርክ አለ። መሃሉ ላይ ፓርተኖን የሚባለው የግሪኮቹ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ ቆሟል፤ መጀመሪያ የተሠራው በ1897 ለአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ምክሬ ይኼ ነው፦ አዛውንትና ትንሽ ልጅ ካላችሁ ጉብኝቱ ላይ አትጎትቷቸው። ፓርኩ ውስጥ አረፍ ይበሉ። ባለቤቴ ከእናቴና ከልጁ ጋር እዚያ ቀረ፤ እኔና ልጄ ዞርን። ማምሸት ከቻላችሁ ደግሞ የግቢውን የብሌር ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፕሮግራም እዩ። የተማሪዎቹና የመምህራኑ ኮንሰርት አብዛኛው በነፃ ነው።

ስለ ገንዘብ ሳናፍር እንጠይቅ። ለጆርጂያ ወላጆች በተለይ፦ ሆፕም ሆነ ዜል ሚለር ስኮላርሺፕ ከጆርጂያ ውጭ ለሚማር ልጅ አይከፈልም። ይህን ሳያውቅ ለልጁ ቃል የገባ ወላጅ አውቃለሁ። በሌላ በኩል ቫንደርቢልት ከ2009 ጀምሮ ለተቸገረ ተማሪ የሚሰጠውን እርዳታ ያለ ብድር ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ዋጋ አይታችሁ አትደንግጡ። የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የቤተሰቡን ገቢ አስገብታችሁ ግምቱን የምታዩበት ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሙሉት፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ፊስክ ዩኒቨርሲቲን ግን ጊዜ ሰጥታችሁ እዩት። ዓርብ ጠዋት ነው የሄድነው። በ1866 የተከፈተው ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች እንዲማሩበት ነበር። አምስት ዓመት ሳይቆይ ገንዘብ አጥቶ ሊዘጋ ደረሰ። ያኔ ጆርጅ ዋይት የሚባለው ገንዘብ ያዥ ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ በኦክቶበር 6፣ 1871 እየዘመሩ ገንዘብ ሊያሰባስቡ ወጡ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ነበሩ። ኦሃዮ ሲደርሱ ቺካጎ በእሳት መጋየቷን ሰሙ። እነሱ ራሳቸው ምንም ሳይኖራቸው ያገኟትን ጥቂት ገንዘብ ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሰጡ። በኋላ ባሕር ተሻግረው ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ። በዝማሬያቸው ገንዘብ የተሠራው ጁቢሊ ሆል የሚባለው ሕንፃ በ1876 ተመረቀ፤ ዛሬም ቆሟል። ፊስክ ያቺን ኦክቶበር 6 በየዓመቱ ያከብራታል፤ ቀኑን ከገጠማችሁት ዕድለኞች ናችሁ።

ይህን ሁሉ ሕንፃው ፊት ቆሜ ለእናቴ በአማርኛ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ምርኩዟን ለልጁ ሰጥታ እጇን ቀዩ ጡብ ላይ አሳረፈች። "በዘፈን ነው የሠሩት?" አለች። "በመዝሙር" አልኳት። "እንዲያ በይኝ" አለችና እጇን ሳታነሳ ትንሽ ቆየች።

ከፊስክ በጀፈርሰን መንገድ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ታገኛላችሁ። ይህ መንገድ ድሮ የጥቁር ሙዚቀኞች ሠፈር ነበር። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ስሙ ሳይወጣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ክለቦች ውስጥ ተጫውቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አውራ ጎዳና ተሠርቶ ሠፈሩን ለሁለት ከፈለው፤ ክለቦቹም ተዘጉ። ዛሬ ለማያውቅ ሰው ተራ መንገድ ይመስላል። ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።

ቴነሲ ስቴት ሙሉ ጉብኝት አልያዝንም። የሄድነው ለማርሽ ባንዱ ነው። በ2023 ግራሚ የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማት አሸንፏል፤ የዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ ግራሚ ሲወስድ ያ የመጀመሪያው ነው። ልምምድ ላይ ነበሩ። ገና መኪናውን ሳናቆም ከበሮው ደረታችን ላይ መጣ። ልጄ የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች፤ አልጠበቀችንም። ሲያርፉ ትራምፔት የያዘች አንዲት ተማሪ ጋ ሄዳ "ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ ባንድ እችላለሁ?" አለቻት። ልጅቷ ትምህርቷን፣ ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የትኛው ሴሚስተር እንደከበዳት ቁጭ ብላ ነገረቻት። እንደዚህ ያለ መልስ ገለጻ አዳራሽ ውስጥ አታገኙም። ልጃችሁ የምትወደው ነገር ካለ፣ ያ ነገር የሚሠራበትን ሰዓትና ቦታ አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁና እዚያው ድረሱ። እናንተም ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ልጅቷ ራሷ ትጠይቅ።

ምግብን በአጭሩ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ኖልንስቪል ፓይክ አካባቢ ሄደን በያይነቱ በላን፤ በዚያ በኩልና መርፍሪስቦሮ ፓይክ ላይ የሐበሻ ምግብ አይጠፋም። ያስተናገደችን ልጅ ተማሪ ናት። የትኛው ሠፈር ኪራይ እንደሚቀል፣ አውቶብሱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የነገረችን እሷ ናት። በርበሬ የሚነዝርበትን የናሽቪል ዶሮ ለቅዳሜ አቆየነው። ለእኛ ምላስ መካከለኛው ይበቃል።

ቅዳሜ መሃል ከተማ። በጠዋት ግቡ፤ የመኪና ማቆሚያውንም ምልክት አንብቡ። እኛ ሳናነብ አቁመን ከ40 ዶላር በላይ ከፈልን። መጀመሪያ ራይማን አዳራሽ ሂዱ። በ1892 ሲከፈት የወንጌል መስበኪያ ነበር፤ ከ1943 እስከ 1974 ደግሞ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው የካንትሪ ሙዚቃ የሬዲዮ ዝግጅት ከዚያ ይተላለፍ ነበር። መቀመጫው እስከ ዛሬ የቤተክርስቲያን አግዳሚ እንጨት ነው። ካንትሪ የማይወድ ሰው ካላችሁም ግቡ፤ ሳይናገሩ እዚያ መቀመጥ ራሱ አንድ ነገር ነው።

ፊት ለፊቱ በ2021 የተከፈተ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚቃ ሙዚየም አለ። የእጅ አምባር ይሰጧችሁና የዘፈናችሁትን ቀድቶ ይይዝላችኋል። ትንሹ ልጄ በስክሪን ከሚታዩት መዘምራን ጋር ዘመረ፤ ቤት ገብተን ደጋግመን ሰማነው። ሙዚየሙ አጠገብ ያለው ጎዳና የተሰየመው በጆን ሉዊስ ነው። እኛ አትላንታዎች በምክር ቤት አባልነቱ ነው የምናውቀው፤ በ1960 ግን እዚሁ ናሽቪል የነጮች ብቻ በነበሩ ምግብ ቤቶች ውስጥ ገብተው ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ ነበር። በኋላም ከፊስክ ተመርቋል።

ብሮድዌይ ላይ ባንዶቹ ከጠዋት ጀምረው ይጫወታሉ። ብዙ ቤት መግቢያ አያስከፍልም፤ ቀን ቀን ልጅ ይዞ መግባትም ይቻላል፣ በር ላይ ጠይቁ። ሲመሽ ለልጅ አይሆንም። ሙዚቀኞቹ የሚኖሩት በጉርሻ ስለሆነ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ባልዲ ሲዞር አትለፉት። ባለቤቴ አምስት ዶላር ሲጥል እናቴ አየችው። "ምነው ግንባሩ ላይ አይለጥፍለትም?" አለችኝ። እዚህ እንደዚያ አይደረግም አልኳት። ቅር አላት።

ወደ አትላንታ ከመመለሳችን በፊት ሴንቴኒያል ፓርክ ትንሽ አረፍን። ልጄ ትራምፔቷን ከመኪናው አወጣች። ባንዱ ሲለማመድ የሰማችውን በጆሮዋ እየፈለገች ነፋች፤ ሁለቴ ስታ ሦስተኛው ላይ ያዘችው። እናቴ ከሣሩ ላይ ቀስ ብላ ተነሳች። ከመቀነቷ የታጠፈች አንድ ዶላር ፈታ አወጣችና ግንባሯ ላይ ለጠፈችላት።