ልጃችሁን ትንሽ ቻርተር ትምህርት ቤት ከማስገባታችሁ በፊት

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት የሚሞላው ልጅ በነፃ ፕሪ-ኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ክፍል) ሊገባ ይችላል፣ ቦታ ከተገኘ። ማመልከቻው የሚዘጋው ማርች መጀመሪያ ላይ ነው። ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የከተማው የጋራ ዕጣ እስከ 12 ትምህርት ቤት ትመርጣላችሁ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቻርተሮች፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሳቸው አስተዳደር የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች፣ አሉበት፤ መረጃው በአማርኛም አለ። እኔ እዚሁ ከተማ ፕሪ-ኬ ክፍል ረዳት መምህር ነኝ። ብዙ አበሾች ጎረቤት የነገራቸውን ስም ሞልተው ሲያበቁ አያለሁ። እባካችሁ መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩ።

ለጉብኝት ስትገቡ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል አያታልላችሁ። ልጅ የሚያለቅስበትን ጊዜ ጠብቁ፤ ሦስት ዓመት ልጆች ያሉበት ክፍል ስለሆነ ብዙ አትጠብቁም። ጎበዝ አስተማሪ በርከክ ብላ ፊቷን ከልጁ ፊት እኩል ታደርግና “መኪናውን ስለወሰደብህ ነው? ምን ልትለው ትፈልጋለህ?” ብላ ዝም ትላለች። ያቺን ዝምታ ልብ በሉ። ልጁ ቃሉን እስኪያገኝ ካልታገሠችው ንግግር አይማርም፤ ቤቱ አማርኛ የሚነገር ልጅ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ከክፍሉ ማዶ ሆና “ተቀመጥ!” እያለች የምትጮህ ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ውጤት የቱንም ያህል ቢያምር እኔ ልጄን አልሰጥም።

ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ “እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ሽንቱ ሲመጣ በምን ይነግራችኋል?” ያሰበበት ሰው ወዲያው ይመልሳል፤ በሥዕል፣ በእጅ ምልክት፣ ወይም ከእናንተ ጠይቆ በጻፈው የአማርኛ ቃል። “እንለምደዋለን” መልስ አይደለም። ዓምና ከነበሩት አስተማሪዎች ዘንድሮ ስንቱ እንዳሉም ጠይቁ። ትንሽ ትምህርት ቤት ሁለት ሰው ሲለቅ ይናጋል። ልጃችሁ ንግግሩ ከዘገየ ወይም ሌላ ልዩ ድጋፍ ካስፈለገው ደግሞ፣ ቻርተር የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ “እኛ አንችልም” ብሎ ሊመልሳችሁ አይችልም።

ሰው የማይጠይቀው ገንዘቡን ነው። ቻርተር በጀት የሚያገኘው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ልጅ ሲቀንስ ኪራዩና ደሞዙ አይቀንስም። ከ2003 ጀምሮ ትንንሽ ልጆችን ያስተምር የነበረው ኢግል አካዳሚ በገንዘብ እጥረት የተዘጋው በኦገስት 2024፣ ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ነው። ወላጆች በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ፍለጋ መሯሯጥ ነበረባቸው። ስለዚህ ዘንድሮ ስንት ልጅ እንደጠበቁና ስንት እንደገባ ርእሰ መምህሩን በቀጥታ ጠይቁ። የከተማው የቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ የየትምህርት ቤቱን ሒሳብ በድረ ገጹ ያወጣል፤ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱም ይገመግማቸዋል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ።

ይህን ሁሉ የምለው በምክንያት ነው። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ልጃችሁን የመቀበል ግዴታ አለበት። ለፕሪ-ኬ ግን የሰፈራችሁም ቢሆን ቦታ የሚሰጠው በዕጣ ነው፤ በኦገስት የመረጣችሁት ቻርተር ቢዘጋ ልጁ ቤት ሊቀር ይችላል።

ማመልከቻውን ስትሞሉ የልባችሁን ቅደም ተከተል ጻፉ፤ “ይሄ ይቀላል” ብላችሁ የማትፈልጉትን አታስቀድሙ። አንዱ ከደረሳችሁ፣ ከእሱ በላይ ላስቀመጣችኋቸው ተጠባባቂ ትሆናላችሁ፤ ከእሱ በታች ያሉት ግን ይሰረዛሉ።